ለቤት መኪና ትልቅ ፓምፕና ትልቅ ኢንጀክተር ያስፈልጋል? ከደብረ ብርሃን ከፍታ ሲታይ

የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት በመጀመሩ የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ሁለቱ ነገሮች ሲገጣጠሙ፣ ዛሬ ከሸኖ እስከ አጣዬ ባለው መንገድ የሚመላለሱት ቪትዞች፣ ኮሮላዎች፣ ሚኒባሶችና ሃይሉክሶች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል የሚጠበቅባቸው ሆኑ፤ ባለቤቶቻቸውም አዲስ መግዛቱ ሲከብዳቸው ያለውን ስለ ማሻሻል ያስቡ ጀመር። ለማሻሻያ ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል የነዳጅ ክፍሉን የሚመለከቱት በርከት ይላሉ፤ ከፋብሪካው የበለጠ የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ፣ አብዝቶ የሚረጭ ኢንጀክተር፣ የነዳጅ ግፊት የሚጨምር ሬጉሌተር፣ ለናፍጣ መኪና የሚገጠም «ቺፕ»፣ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ሳይቀር። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ ጉልበት እንደሚጨምርና ነዳጅም እንደሚቆጥብ አንድ ላይ ቃል ይገባል። ብዙ ነዳጅ እንዲያስገባ የተሠራ ዕቃ እንዴት አድርጎ ነዳጅ እንደሚቆጥብ ግን እምብዛም አይብራራም።

የነዳጅ ሥርዓት የሚባለው ምንድን ነው?

የነዳጅ ሥርዓት ስንል ነዳጁን ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) አንሥቶ ሞተሩ ውስጥ እስኪቃጠል ድረስ የሚያደርሱትን ክፍሎች በሙሉ ማለታችን ነው። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና የመጀመሪያው ክፍል ሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ቤንዚኑን በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል፤ ሬጉሌተር የሚባለው ክፍል ደግሞ ግፊቱን በብዙዎቹ መኪኖች 3 ባር አካባቢ ላይ ያጸናዋል። አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። በመጨረሻ ቤንዚኑ ኢንጀክተሮች ዘንድ ይደርሳል። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ረቂቅ መርጫ ሲሆን፣ የሚረጨው መጠን የሚወሰነው ለስንት ሚሊ ሰከንድ ተከፍቶ እንደቆየ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም መርገጫው ሳይረገጥ ሲዞር ይህ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

የመክፈቻውን ጊዜ የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል አየር እንደገባ በሴንሰሮች ይለካል፤ ከዚያም ለአየሩ የሚመጥነውን ቤንዚን ያሰላል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋልና ስሌቱ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው። ከተቃጠለ በኋላ በጭስ መውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚኑ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ ምልክት ይልካል፤ ኮምፒውተሩም ቀጣዩን ርጭት ያርማል። እርማቱ በአብዛኛው የጉዞ ጊዜ ሳያቋርጥ ይካሄዳል። የነዳጁ መጠን እንግዲህ አየሩን እየተከተለ የሚሄድ ነው፤ ለብቻው የሚወሰን አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ከአንዱ ነጥብ ነው።

ታዲያ መኪናው ዳገት ላይ ለምን ይደክማል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ሲያልፍ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከሮቢት ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ተዳፋቱ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መኪናው ሽቅብ በወጣ መጠን የሚስበው አየር እየሳሳ መሄዱን ነው።

በደብረ ብርሃን ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ከመቶ 71 ወይም 72 ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው ፒስተኖቹ በሚስቡት ልክ ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሚደርሰው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በግርድፍ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ ሦስት ከመቶ ያህል ይጠፋል። በወደብ ከተማ 70 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ አነስተኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 50 ገደማ ይቀረዋል። ይህ ጉድለት የብልሽት ውጤት ስላልሆነ በነዳጅ አይሞላም። አየር በማይገባበት ምድጃ ላይ እንጨት ቢደራረብ ጢሱ ይበረታል እንጂ ምጣዱ አይግልም፤ አየር ላጠረው ሞተር ቤንዚን መጨመርም እንደዚያው ነው።

ስሌቱን ትንሽ እናስኪደው። 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ያለ የሌለ ኃይሉን ሲያወጣ በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን አየሩ ስለሚያንስ ይኸው ሞተር እስከ መጨረሻው ቢረገጥ እንኳ ከ15 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ቤንዚን ነው ማቃጠል የሚችለው። ፋብሪካው ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን የመጠነው መኪናው ባሕር ዳርቻ ላይ ሙሉ አየር እያገኘ ሲሮጥ ነዳጅ እንዳያጥረው አስቦ፣ መጠባበቂያም አክሎበት ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሠራ መኪና የፋብሪካ የነዳጅ ክፍሉ ለሞተሩ አያንሰውም፤ ይልቁንም ከሩብ በላይ ይተርፈዋል። ዳገት ላይ «ነዳጅ አነሰው» ተብሎ ትልቅ ፓምፕ የሚገዛለት መኪና፣ ፓምፑ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ የተረፈው ነገር ነው የሚጨመርለት።

ትልቅ ፓምፕ ቢገጠም ምን ይሆናል?

በገበያ በብዛት ከሚታወቁት ፓምፖች አንዱ ዓይነት በሰዓት 255 ሊትር ይገፋል። 15 ሊትር ለሚበቃው ሞተር 255 ሊትር ሲቀርብለት ትርፉ በሬጉሌተሩ በኩል ተመልሶ ሰልባትዮ ውስጥ ይፈስሳል፤ ኢንጀክተሩ ላይ ያለው ግፊት እዚያው 3 ባር ላይ እስካለ ድረስ ሞተሩ ለውጡን አያውቀውም። አልፎ አልፎ ጉዳትም አለው። ትልቅ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ለትንሹ የተዘረጋውን ሽቦና ፊውዝ ያሞቃል፤ ሲዞርና ሲመለስ የሚውለው ቤንዚንም ይሞቃል፤ የመኪናው ሬጉሌተር ትርፉን መመለስ ካቃተው ደግሞ ግፊቱ ከተገቢው በላይ ይወጣል።

ሬጉሌተሩን ቀይሮ ግፊቱን ሆን ብሎ መጨመርም ቢሆን ሻጩ የሚለውን ያህል አያስገኝም። የሚረጨው ነዳጅ የሚጨምረው ግፊቱ በጨመረበት ልክ አይደለምና ከ3 ወደ 4 ባር ከፍ ሲል፣ ማለትም ግፊቱ በሲሶ ሲያድግ፣ ርጭቱ የሚጨምረው 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። እሱንም ኮምፒውተሩ መብዛቱን አይቶ የመክፈቻውን ጊዜ ያሳጥርና ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ትልቅ ኢንጀክተርስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ከጥቅም አልባነት ወደ ጉዳት ይሻገራል። ሠላሳ ከመቶ አብዝቶ የሚረጭ ኢንጀክተር ተገጠመ እንበል። ኮምፒውተሩ ይህን ስላልተነገረው እንደ ወትሮው ያዛል፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ትእዛዙን በ23 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ብዙ መኪኖች ሊያርሙት ከሚችሉት የመጨረሻ ወሰን አጠገብ ነው፤ ትንሽ ካለፈ የሞተር መብራት ይበራል። በሚኒሞ ደግሞ ቀድሞውኑ ሁለት ሚሊ ሰከንድ የነበረው የመክፈቻ ጊዜ ይበልጥ ስለሚያጥር ርጭቱ አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲያንስ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ መርገጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ ብዙ መኪኖች የኦክስጅን ሴንሰሩን ትተው በተጻፈላቸው ሠንጠረዥ ብቻ ስለሚሠሩ፣ የበዛው ቤንዚን በከፊል ሳይታረም ያልፋል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፤ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፤ የጭስ ማጣሪያውን (ካታሊስቱን) ከልክ በላይ ያግለዋል።

ትልቅ ኢንጀክተርና ትልቅ ፓምፕ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው መኪኖች አሉ። ቱርቦ ያልነበረው ሞተር ቱርቦ ሲገጠምለት አየሩ ስለሚበዛ ነዳጁም መብዛት አለበት። 85 ከመቶ ኤታኖል ባለው ነዳጅ እንዲሠራ የሚለወጥ ሞተር በመጠን 30 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ስለ አዲሶቹ ዕቃዎች እንዲያውቅ ሠንጠረዡ እንደገና ይጻፋል። ቤተሰብ ይዞ ደብረ ሊባኖስ ለሚሳለም ቪትዝ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም።

ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ መኪኖችስ?

ዲኤክስን የመሳሰሉ ካርቡሬተር ያላቸው መኪኖች አየሩን የሚለካላቸው ኮምፒውተር የላቸውም። ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚመጥነው በትንሽ የናስ ብሎን ላይ በተበሳች ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳዋ አየሩ መሳሳቱን አታውቅም። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ደብረ ብርሃን ላይ ከሚገባው በላይ በ15 ከመቶ ገደማ የበዛ ቤንዚን ያስገባል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ጠዋት በውርጭ ከተነሣ በኋላ የሚንገዳገድ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ለእነዚህ መኪኖች በነዳጅ ክፍሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቀዳዳዋን በጠበበች በመቀየር ነው። ጉልበትም ይሻሻላል፣ ቤንዚንም ይተርፋል። ለደጋ የጠበበው ካርቡሬተር ወደ ቆላ ወርዶ ሲከርም ግን ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ብሎኗ መመረጥ ያለባት መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በሚውልበት ቦታ ነው፤ ኑሮውን ደብረ ብርሃን ያደረገ መኪናና በሮቢትና በአጣዬ መካከል የሚመላለስ መኪና አንድ ዓይነት ልክ አይኖራቸውም።

ለናፍጣ መኪና የሚሸጠው «ቺፕ» ይሠራል?

ይሠራል፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም መሥራቱ ነው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጭለት ናፍጣ መጠን ነው፤ አየሩን በአብዛኛው ከሚፈልገው አብዝቶ ይስባልና ትርፍ አየር እስካለው ድረስ ናፍጣ ሲጨመርለት በእርግጥ ይጠነክራል። በአዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና በመሰሎቻቸው ናፍጣው ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ከውጭ የሚሰካው ቺፕ የሚያደርገው የግፊቱን ሴንሰር ቃል አዛብቶ ማቅረብ ነው፤ ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ሲታየው ኮምፒውተሩ ከፍ ያደርገዋል፤ ኖዝሎቹም (የናፍጣ መርጫዎቹ) አብዝተው ይረጫሉ።

ጥያቄው ይህ ጉልበት ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍለው ነው። በደጋ የሳሳውን አየር ለማካካስ ቱርቦው ቀድሞውኑ ከወትሮው ፈጥኖ እየዞረ ነው፤ ተጨማሪ ናፍጣ ሲገባ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ቱርቦውም ፒስተኑም ይህን ሙቀት ይሸከማሉ፤ ፍሪሲዮኑ የተሠራው ለፋብሪካው ጉልበት ነው። ጭነት ይዞ ከሮቢት ወደ ጣርማ በር መውጣት ደግሞ ሞተሩ ሳያርፍ በሙሉ ጉልበት ረጅም ጊዜ የሚሠራበት መንገድ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አልፎ አልፎ ለመቅደም ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ላይጎዳ ይችላል፤ በዚህ መንገድ ላይ እንጀራውን ለሚበላ ፒካፕ ግን ቺፕ መግጠም ትርፉን በሞተር ዕድሜ መክፈል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቱርቦ በሌላቸው የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን አዙሮ ነዳጅ መጨመር የተለመደ ነው። እነዚህ ሞተሮች ደጋ ላይ ትርፍ አየር ስለማይኖራቸው የሚጨመረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከኋላ የሚከተለው ሹፌር የሚያየው ጭስ ባለ መኪናው ማደያ ላይ የከፈለበት ናፍጣ ነው።

ነዳጅ ቆጣቢ ተብለው የሚሸጡትስ?

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን መርምሯል፤ ጥቂቶቹ ብቻ መጠነኛ ለውጥ አሳይተዋል፣ አንዳንዶቹም የጭሱን ብክለት አባብሰዋል። ማግኔቱን በተመለከተ ቤንዚንም ናፍጣም በእንዲህ ያለ ማግኔት የሚለወጥ ነገር የላቸውም። በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰኩት «ቆጣቢዎች» ተከፍተው ሲታዩ ብዙዎቹ መብራት ከማብለጭለጭ ያለፈ ሥራ የላቸውም።

ከቁጠባ ጋር የተያያዘ አንድ የመንገድ ልማድ ግን እዚህ ሊነሣ ይገባዋል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ መኪናውን በፎሌ የሚለቁ አሉ። ኢንጀክተር ያለው መኪና በማርሽ ሆኖ መርገጫው ሲለቀቅ ኮምፒውተሩ ርጭቱን ሙሉ በሙሉ ያቋርጠዋል፤ በፎሌ ሲለቀቅ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ቤንዚን መጠጣቱን ይቀጥላል። በፎሌ መውረድ ነዳጅ ያስወጣል፣ ፍሬኑንም ያግላል። በማርሽ መውረድ ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የቱ ነው?

ጥቅም የሚሰጡት ወጪዎች የነዳጅ ክፍሉን ወደ ፋብሪካ ልኩ የሚመልሱና ከቆሻሻ የሚጠብቁት ናቸው። የተደፈነ ፊልትሮ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲጠይቅ ግን ግፊቱ ይወርድና መኪናው ይታነቃል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ፊልትሮው ሰልባትዮው ውስጥ ከፓምፑ ጋር ስለሚቀመጥ ሳይቀየር ዓመታት ያልፋሉ። የቆሸሸ ኢንጀክተር በመሣሪያ ታጥቦ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚረጭ ሲለካ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ርጭቱ ሳይለካ የሚደረግ እጥበት ግን ለሥራው ማረጋገጫ የለውም። ፓምፑም ሲሠራ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ስለሆነ ሰልባትዮውን ሁልጊዜ ባዶ አፋፍ ላይ እያደረጉ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ከፋብሪካው ውጭ የሚጨመር ሆኖ ያለ ማመንታት የሚመከር አንድ ዕቃ ቢኖር ውኃ የሚለይ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ ነው። ማደያዎች ሲደርቁ ናፍጣ በጀሪካንና በበርሜል ይገዛል፤ በዚያ ናፍጣ ውስጥ ውኃና ዝገት መኖሩ ያልተለመደ አይደለም። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ፊልትሮው ሥር ይዘቅጣል፤ ከታች ያለችው ብሎን ተፈትታ በየጊዜው ይወገዳል። ከ1,000 ባር በላይ የሚሠራ ኖዝል ውኃን ጨርሶ አይችልም፤ የአንድ ስብስብ ኖዝል ዋጋ ደግሞ ከፊልትሮው ብዙ እጥፍ ነው። ሃይሉክሱ ይህን ፊልትሮ ከፋብሪካው ይዞ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ መጨመር አያስፈልግም፤ ማፍሰሻውን መጠቀም ብቻ ይበቃል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ቤንዚን ለይቶ የሚያወጣ ፊልትሮ ደግሞ የለም።

ችግሩ ከነዳጅ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ዳገት ላይ ድካም የሚያሳይ መኪና ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት በሁለት ነገር ሊፈተሽ ይችላል። የመጀመሪያው የግፊት መለኪያ ሰዓት ነው፤ ቱቦው ላይ ተገጥሞ ሞተሩ ሲጎን ግፊቱ ለመኪናው ከተጻፈው ልክ ዝቅ ካለ ፊልትሮው፣ ፓምፑ ወይም ሬጉሌተሩ ጉድለት አለበት፤ ካልወረደ የፓምፑ ጉዳይ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው በኮምፒውተር ምርመራ የሚታየው የነዳጅ እርማት ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል ከመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሞተሩ የሚፈልገውን ነዳጅ እያገኘ ነው። በጭነት ጊዜ ከ10 ከመቶ በላይ እየጨመረ ከሆነ አንድም ነዳጅ አጥሮታል፣ አንድም በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ በኩል ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ብዙ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም የተሳሳተ ሴንሰር ይጠረጠራል።

መካኒኩ ይህን ቁጥር እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። ምርመራው ተካሂዶ ፓምፑ መቀየር ካለበትም የሚገዛው በፋብሪካው ልክ የሆነው ነው፤ አብሮ የሚቀየረው ቱቦም ለኢንጀክተር ግፊት የተሠራ መሆኑ ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ይረጋገጥ። ለካርቡሬተር የሚሆነው ቀጭን ጎማ 3 ባር ተሸክሞ አይቆይምና ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለው ሞተር ላይ ነው።